ስምንት ወንበርና አንድ ግራ እጅ

ሦስተኛዋ ጉርሻ ፊቴ ስትቀመጥ አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ታወቀኝ፤ ምን እንደ ሆነ ግን ወዲያው አልያዝኩትም። ሱሺዋ ያው ናት፤ አውራ ጣት የምታህል ሩዝ፣ በላይዋ ስስ ዓሣ የለበሰች። ጥቁሩ ሰሌዳም ያው ነው። ትንሽ ቆይቼ ነው ያየሁት፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ቀኝ እጄ ዘንበል ብለው ነበር የተቀመጡት፤ ይህችኛዋ ወደ ግራዬ ዞራለች። ከሰሌዳው በስተቀኝ የነበረው ዝንጅብልም ተነሥቶ በስተግራ ተቀምጧል። ከባንኮኒው ማዶ የቆሙት ሽማግሌ ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም፤ ቢላቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ነበር።

እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ ማዕድ ሲቀርብ አያቴ ግራ እጄን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ከጭናቸው ሥር ያደርጉት ነበር። «በቀኝሽ! ሰው ምን ይላል?» ይሉኛል። ከአንድ ትሪ በሚበላ ቤት ግራ እጅ ነውር ነውና አልፈርድባቸውም። ቀኝ እጄ እንጀራ መቁረሱን ለመደው። ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይዞ ዓሣ ማንሣቱን ግን ቶኪዮ በኖርኩባቸው አራት ዓመታት ሊለምደው አልቻለም፤ ሰው ፊት በግራ መብላት ደግሞ እፈራለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሽማግሌውም አልነገርኳቸውም። የሻይ ስኒውን በግራ እጄ ሳነሣ አይተው መሆን አለበት።

ስለ አንዲት ትንሽ ሱሺ ቤት ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህች አንዲት ነገር ምክንያት ነው። ቤቷ ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ክፍለ ከተማ፣ ታቴኢሺ ጣቢያ አካባቢ ናት፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከምንኖርበት ከዮትሱጊ በባቡር አንድ ጣቢያ። ስሟን አልጽፍም። ባለቤቱ እንዳይጻፍ ይፈልጋሉ፤ ስምንት ወንበር ብቻ ላላት ቤት ሰልፍ ችግር እንጂ በረከት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደዚያች ቤት የሄድኩት ልቤ ሻክሮ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሌላ ሰፈር ውስጥ፣ ሌላ ትንሽ ቤት በር ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጌ ገብቼ ነበር። ሰባት ወንበር ቆጠርኩ፤ አምስቱ ባዶ ናቸው። ውስጥ ያለው ሰውዬ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ አመሳቀለ። እዚህ አገር ይህ ምልክት «አይሆንም» ማለት ነው። ወጥቼ መንገድ ላይ ስቆም ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ጥቁር ስለሆንኩ ነው? ቋንቋ አትችልም ብሎ ነው? ሴት ልጅ ብቻዬን ስለመጣሁ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሳመላልሰው አደርኩ።

ታሪኩን የነገርኳቸው ለአንድ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ኖረዋል። አላቃለሉብኝም። «ንቆሽ ሊሆን ይችላል፤ ወንበሩ ባዶ ሳይሆን ቀርቶም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ጠዋት ከቶዮሱ ገበያ ዓሣ የሚገዙት ለማታ ቦታ በያዘው ሰው ቁጥር ልክ ነው፤ ሰባት ሰው ከያዘ ለስምንተኛው የሚቆረጥ ዓሣ የለም። ነገሩ ገብቶኛል። ሆኖም አንዲት «ይቅርታ» ገንዘብ አታስወጣውም ነበር፤ ያንን ቤት ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ጋሼ ግን «ቂም ይዘሽ አትቅሪ፤ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ነይ» ብለው ስልክ ደወሉና ሁለት ወንበር ያዙ።

ታቴኢሺ ስንገባ ዓይኔ ስሕተት ፈላጊ ነበር፤ ወዲያውም አገኘ። ግድግዳው ላይ የዓሣ ስም የተጻፈባቸው የእንጨት ቁራጮች ተደርድረዋል። ግማሾቹ ላይ ዋጋ የለም፤ በዋጋው ቦታ የሰፈረው «የዕለቱ ዋጋ» የሚል ብቻ ነው። ስንት እንደሚያስከፍሉት ሳያውቅ እፎይ ብሎ የሚበላ ሰው እኔ አላውቅም። ገና ሳናዝዝ ደግሞ በትንሽ ሳህን የተቀቀለ ጎመን መሳይ ቅጠል ቀረበ። የቤቱ ግብዣ መስሎኝ በላሁት። ኦቶሺ ይባላል፤ ኋላ ሒሳቡ ላይ 400 የን ሆኖ ተደመረ። የመቀመጫ ኪራይ እንደ ማለት ነው። በእኛ አገር ሳይታዘዝ የመጣ ነገር ምርቃት ነውና ይህንን ልማድ እስካሁን መቀበል አቅቶኛል።

ከዚያ የመጀመሪያዋ ጉርሻ መጣች። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ፤ ብርሃኑ አልጥም አለኝና ደገምኩ። ሽማግሌው በሰፈርኛ አነጋገር አንድ ነገር አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ፊታቸው ግን ጠቁሯል። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ሩዙ እየሞተ ነው ይሉሻል» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ከሳምንቱ ስድብ ላይ ይህ ሲጨመርበት ቦርሳዬን አንሥቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። ሩዙ ለብ እንዳለ፣ ከሰው ገላ ሙቀት ጋር ተቀራርቦ ነው የሚጨበጠው፤ ዓሣው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሁለቱ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ነው ጣዕሙ ያለው። ሰሌዳ ላይ ከቆየ ሩዙም ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ይሞቃል፤ የቀረው ጥሬ ዓሣና የደረቀ ሩዝ ነው። ቡና ተቀድቶላት ሲኒውን ፊቷ አስቀምጣ ስልክ የምትነካካ እንግዳ እናቴንም ፊቷን ታስጠቁራት ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። ሁለተኛዋን በንዴት፣ በቀኝ እጄ በያዝኩት እንጨት ሳነሣት ለሁለት ተከፈለች፤ ሩዙ ሶያ ሶሱ ውስጥ ወደቀ። ማንም ምንም አላለኝም።

ሦስተኛዋ ያቺ ነች።

ወደ ግራዬ መዞሯን እያየሁም ከልማድ የተነሣ ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ሽማግሌው ቢላውን አስቀመጡና በግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ባንኮኒውን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉ። ሌላ ምንም የለም። እንጨቶቹን አስቀመጥኩና በግራ እጄ አነሣኋት፤ በጣቶቼ፣ እንደ እንጀራ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ፊት በግራ እጄ ስበላ ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጋሼ አፍንጫ የሚያቃጥለው ዋሳቢ መስሏቸው ሻዩን አስጠጉልኝ።

በነገራችን ላይ ሱሺን በእጅ መብላት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የጥንቱ እርሱ ነው። ይህ በእጅ የሚጨበጠው ሱሺ ኤዶ ትባል በነበረችው ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አካባቢ ሲስፋፋ፣ መንገድ ዳር ለቆመ ችኩል ሰው የሚሸጥ ምግብ ነበር። ያስለመደው ሐናያ ዮሄይ የሚባል ሰው ነው ይላሉ።

ያቺ ሦስተኛ ጉርሻ ኮሐዳ ነበረች። ኮሐዳ የድሃ ዓሣ ናት፤ ትንሽ፣ ቆዳዋ እንደ ብር የሚያበራ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ በመስመር የወረደባት። ጨው ተነስንሶባት ትቆያለች፣ ትታጠባለች፣ ከዚያ አቼቶ ውስጥ ትገባለች። በጨው ስንት ደቂቃ፣ በአቼቶ ስንት ደቂቃ የሚለውን የሚወስነው የዓሣዋ ስብና የዕለቱ አየር ነው፤ እናቶቻችን የሊጡን መቡካት በሰዓት ሳይሆን በአየሩ እንደሚፈርዱት ማለት ነው። አንድ ሱሺ ሠሪ ችሎታው የሚለካው በውዱ ቱና ሳይሆን በዚህች በኮሐዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን አመንኩ። ጎምዘዝ ትላለች፣ ግን ምላስ አትነክስም፤ በደንብ በቦካ እንጀራ ላደገ አፍ ባዕድ አይደለችም። ሩዙም ነጭ አልነበረም። ሳኬ ከሚባለው የሩዝ መጠጥ አተላ በሚወጣ ቀይ አቼቶ ስለሚለወስ ወደ ቡናማ ይወስደዋል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ማንም ሳይነካው ፍሬ በፍሬ ይበተናል። እንዴት አድርገው ጨብጠውት ነው በእጄ ሳነሣው ያልፈረሰው፣ በምላሴ ስነካው የፈረሰው? ደጋግሜ እጃቸውን አየሁ፤ አልያዝኩትም።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። ቱናው ደህና ነው፤ እንደዚያ ያለ ቱና ሌላም ቤት በልቻለሁ። ስኩዊዱ አልሆነልኝም። አናጎ የሚባለው፣ እባብ የሚመስለው የባሕር ዓሣ ተቀቅሎ ወፍራም ጣፋጭ ሶስ ተቀብቶ ሲመጣ ግን ጋሼ እንኳን ወሬያቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። ጿሚ ለሆናችሁ ኪያር ብቻ የተጠቀለለበት ሱሺ አለ፤ ሾርባውን ግን ተጠንቀቁ፣ መረቁ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አሥር ጉርሻ 4,800 የን፣ ያ ኦቶሺ 400፣ አሥር በመቶ ግብር ተጨምሮበት 5,720 የን ከፈልኩ። ሻዩ ነጻ ነው፤ ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብም በጃፓን የለም። ለእኔ ደመወዝ ይህ ቀላል አይደለም። ሳህኖች በሚዞር ቀበቶ ላይ የሚያልፉበት ሱሺ ቤት ብሄድ በዚህ ገንዘብ ሦስት ጊዜ እጠግባለሁ። እነዚያን ቤቶች አልንቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ኦሳካ አካባቢ ከተጀመሩ ወዲህ ሱሺን ለሠራተኛው ቤተሰብ ያደረሱት እነርሱ ናቸው፤ ወር ሲያልቅ እኔም እዚያው ነኝ። ቀበቶው ግን እጅ አያይም። ሳህኑ ለሁሉም በአንድ በኩል ነው የሚመጣው።

በሌላው ጫፍ የቶኪዮ የሀብታም ሰፈር ጊንዛ አለ። ባራክ ኦባማን የያኔው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ እ.ኤ.አ. በ2014 እራት የጋበዙት እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ባለው በሱኪያባሺ ጂሮ ነበር፤ እርሱም አሥር ወንበር የባንኮኒ ቤት ነው። ባለሙያው ጂሮ ኦኖ ለግራኝ ደንበኛ ሱሺውን አዙረው ያስቀምጡ እንደ ነበር ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ የታቴኢሺው ሽማግሌ ያደረጉት የሙያው ወግ እንጂ ለእኔ ብቻ የተፈጠረ ተአምር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህ ግን ደስታዬን አልቀነሰውም። ጊንዛ ውስጥ ለዚህ ወግ 30,000 የንና ከዚያ በላይ ይከፈላል፤ ቤቱም ለተራ ሰው ስልክ በሩን አይከፍትም፤ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው መጽሐፍ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ2019 ሦስት ኮከብ የነበረውን ያንን ቤት ከዝርዝሩ ያወጣው ተራ ሰው ቦታ መያዝ ስለማይችል ነው። ዓሣቸው ከእኛ ሰፈሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ስምንት ሰው ብቻ በሚቀመጥበት ቤት ሠሪውና በላተኛው ፊት ለፊት ስለሆኑ የሚመጣው መተያየት ግን በ5,720 የንም ይገኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ «ውድ ነው» ብዬ ልጽፍ የነበረውን ሰርዣለሁ። ዋጋ ያልተጻፈባቸውን እንጨቶች ግን አልሰርዝም፤ ቁጥሩ ይጻፍባቸው።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው ከየት እንደመጣሁ ጋሼን ጠየቋቸው። ሲነገራቸው ፊታቸው በራ፤ «አቤቤ!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ በቴሌቪዥን አይተውት ነው። ማራቶኑን ማሸነፉን አይደለም ያነሡልን። ሩጫውን ጨርሶ ሌሎቹ ገና ሳይደርሱ ሜዳው ላይ ተኝቶ እግሩን ሲያፍታታ ማየታቸውን ነው፤ በሁለት እጃቸው አሳዩን።

ይህን አሁን የምጽፈው የምፈራው ነገር ስላለ ነው። ከታቴኢሺ ጣቢያ በስተሰሜን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎችና ከአምስት ከስድስት ወንበር የማይበልጡ ቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግተው መፍረስ ጀመሩ፤ የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ጭምር የሚገባበት ረጅም ሕንፃ ሊቆምበት ታቅዷል። የእኛ ቤት ከዚያ ውጭ ስለሆነች ተርፋለች። ባለቤቱ ግን ከሰባ አልፈዋል፤ ከጎናቸው የሚማር ወጣት አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ተመለስኩ። ከመጀመሪያው ቀን ሦስት ወር አልፏል። እንጨቶቹ አሁንም ዋጋ የላቸውም፤ ኦቶሺውም 450 የን ገብቷል። ሽማግሌው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉንና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ባልደረባዬ በቀኝ እጇ ነው የምትበላው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉርሻዎች መጡ፤ የእሷ ወደ ቀኝ፣ የእኔ ወደ ግራ ዘንበል ብለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጎጆ ክዳን መሰሉ። ፎቶ አላነሣሁም።