ቢኤች-661 የበቆሎ ዘር፦ በሁለት ክረምት ያየሁት

መራዊ አካባቢ ከአባቴ ጋር ሁለት ጥማድ በቆሎ እዘራለሁ። 12.5 ኪሎ የሚይዘው የቢኤች-661 ከረጢት ለሁለት ጥማድ ልክ ነው። የምገመግመው የዚህን ክረምት ዘር ቢሆንም የአምናውን ሳላነሳ አልፍም።

አምና ዘር የሚያከፋፍለን የገበሬዎች ማኅበር ወረፋ ሰልችቶኝ ገበያ ወርጄ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ከረጢቱ ያው ነው፣ ጽሑፉም ያው ነው። አፉ ግን በእጅ መርፌ የተሰፋ ነበር፣ ስለ ዘሩ የምርመራ ውጤት የሚጻፍበት መለያ ወረቀት፣ ታጉም፣ የለውም። «ታጉስ?» ስለው «መንገድ ላይ ወድቆ ነው ወንድሜ፤ ዘር እንጂ ወረቀት አይበቅል» አለኝ። ስቄ ከፈልኩ። ሰኔ ላይ ማሳው አንድ ክንድ በቅሎ አንድ ክንድ ባዶ ሆነ፤ የበቀለውም ገሚሱ ረጅም፣ ገሚሱ ድንክ። አባቴ ድንበሩ ላይ ቆሞ አየና «ይኼማ የኛው ጎተራ በቆሎ ነው» አለ። ከዲቃላ በቆሎ (የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው ከተገኘ) ምርት ተመርጦ እንደገና የተዘራ ዘር እንዲህ ይበታተናል።

በዚህ ክረምት ወረፋዬን ጠብቄ ከማኅበሩ ወሰድኩ። ታጉ ከስፌቱ ጋር አብሮ ተሰፍቷል። የዝርያው ስም፣ የዘሩ ደረጃ፣ የሎት (አብሮ የተዘጋጀው ዘር) ቁጥር፣ ንጽሕና፣ ርጥበት፣ የተመረመረበት ቀን አለው፤ ብቅለቱ 95 በመቶ ይላል። አላመንኩም፤ 100 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩ። በሰባተኛው ቀን 94 በቅሏል። መድኃኒት የተቀባ ስለሆነ የተረፈችውን እፍኝ ለዶሮ እንዳትሰጡ።

ታጉ ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ዘር ብዜት ማሳ ላይ በቀን ሠራተኛነት ስሠራ ነው። የሴቴ መስመሮቹ ከወንዴው መስመር ብቻ እንዲዳቀሉ የአበባ ጫፋቸውን በእጃችን እየመዘዝን እንጥላለን። ተቆጣጣሪዋ በየመስመሩ ገብታ ያመለጠንን ትቆጥራለች፤ ከጎረቤት በቆሎ ያለውን ርቀትም ትለካለች። ያመለጠው ከበዛ ማሳው ዘር መሆኑ ይቀርና ለእህል ይሸጣል። አለቃችን እሷ የምትመጣ ቀን ቁርሱን አይበላም ነበር። ከዚያ ናሙናው ላቦራቶሪ ይገባል፤ ታጉ የሚሰፋው ይህን ካለፈ ነው። በአገር ደረጃ ዝርያ መመዝገቡና ዘር መቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው፤ ሕጉ የዘር አዋጅ 1288/2015 ነው። እኔ ግን አዋጁን ሳይሆን ያቺን ሴትዮ ነው የማስታውሰው።

ወደ ዘሩ ልመለስ። አገዳው ጠንካራ፣ ዛላው ትልቅ ነው፤ ከብቶቹም ገለባውን ይወዱታል። ችግሩ መዘግየቱ ነው፤ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ሰኔ መጀመሪያ የዘራነው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው የደረቀው። ቁመቱም ከሰው በላይ ስለሆነ መስከረም ላይ በነፋስ ሁለት ቦታ ተኝቶብናል። ዝናብ ቶሎ የሚወጣበት አገር ያላችሁ አትድፈሩት።

ለዘሩ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ለታጉ አምስት። ለከርሞ አንዱን ጥማድ ቶሎ በሚደርሰው በቢኤች-540 ልሞክር አስቤያለሁ። ወረፋ ለመያዝ ደግሞ ግንቦትን አልጠብቅም፤ ስሜን ከአሁኑ አስመዝግቤያለሁ።