ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌቴን ባለ አምስት ላደረጉልኝ የሽሮ ሜዳ ባለሙያ

በሽሮ ሜዳ፣ ከሀገር ባህል ልብስ መደብሮች ጀርባ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑትን፣ የሰፈሩ ሰው «ጋሼ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸውን አዛውንት ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ።

ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊት 32፣ ከኋላ 18 ጥርስ። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 3.7 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ብዙም አያስቸግርም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ ግን ወርዶ መግፋት ግድ ነበር። ቀደም ሲል ያማከርኳቸው ሁለት ጠጋኞች የሞዞው፣ ማለትም የኋላ ጎማው እምብርት፣ የጥርስ መያዣ አጭር በመሆኑ ማርሽ እንደማይቀበል ነግረውኝ ሙሉ የኋላ ጎማ እንድገዛ መከሩኝ።

ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት የት የት እንደምነዳ ጠየቁኝ። ስነግራቸው «ቁልቁለቱንማ እሱ ራሱ ይወስድሃል፤ አንተን የቸገረህ ዳገቱ ነው» አሉኝና መያዣውን በካሊፐር ለኩት፤ 20 ሚሊሜትር ሆነ። ከዚያም ማግኔት አስጠጉበት። መያዣው አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ ተነጣጥለው የሚገቡት ጥርሶች ዳገት ላይ እየቦረቦሩት ይሄዱ ነበር፤ የእኔው ብረት ሆኖ ስለተገኘ ሥራውን ተቀበሉ።

ከአሮጌ ዕቃቸው መካከል ባለ 9 ማርሽ የጥርስ ስብስብ አውጥተው ጥርሶቹን አንድ ላይ የያዘውን ሪቤት ነቀሉና ትልልቆቹን አምስቱን፣ ማለትም ባለ 18፣ 21፣ 24፣ 28 እና 32 ጥርሶቹን መረጡ። የነበረኝ 18 አሁን ፈጣኑ ማርሽ ሆኖ ሲቀር፣ በባለ 32 ጥርሱ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 2.1 ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል፤ እንጦጦን ያስወጣኝም ይኸው ነው። አምስቱ ተደርድረው ከነክፍተታቸው 19 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆኑ፣ ጥርሶቹን ከውጭ የሚያስረው መዝጊያ ሲጠብቅ ጥርሶቹን ትቶ መያዣውን እንዳይነክስ ከትልቁ ጥርስ ጀርባ የ1.5 ሚሊሜትር ቀለበት አስገቡ። ይህችው ቀለበት ትልቁን ጥርስ ከራጂዎቹም አርቃዋለች።

በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት አለመንካታቸው ደግሞ ከሁሉ በላይ ያደነቅኩት ጥንቃቄ ነው። ክፍተቱ የባለ 9 ማርሽ እንደነበረ ስለቆየ የዚያው ዓይነት መቀየሪያ በእያንዳንዱ «ቀጭ» ሰንሰለቱን በትክክል ወደሚቀጥለው ጥርስ ያሻግራል፤ ትርፍ የሆነውን ጉዞ ደግሞ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ በሚገፋው የማርሽ ክንድ ላይ ባሉት ሁለት የመገደቢያ ቪቴዎች ዘግተውታል። ሰፊው የባለ አንድ ማርሽ ሰንሰለት ከጎረቤት ጥርስ ጋር ስለሚፋተግ በቀጭኑ ተተክቷል። የእኔ ፍሬም የማርሽ ክንድ የሚታሰርበት ጆሮ ያለው መሆኑ ግን ዕድል ነው፤ ብዙዎቹ ባለ አንድ ማርሽ ፍሬሞች ይህ የላቸውም፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የእናንተን ተመልከቱ።

ሥራው እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። በመጀመሪያው ሳምንት ኮብልስቶን ላይ ሰንሰለቱ ሁለት ጊዜ ከፊት ጥርስ ወልቆብኛል። ተመልሼ ስሄድ ሰንሰለቱ ረዝሞ እንደነበር ራሳቸው አምነው፣ አንድ ጥንድ ዓይን ቆርጠው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካከሉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልወለቀም። የከፈልኩት ጠቅላላ ዋጋም ጎማ ግዛ ከተባልኩበት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጋሼ ብቻቸውን ስለሚሠሩ የእኔው አራት ቀን ፈጅቷል፤ ለነገ የሚቸኩል ሰው ባይሄድ ይሻለዋል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ይገኛሉ። ብስክሌቱን ግን አጥባችሁ ውሰዱ፤ ጭቃ የያዘ ሰንሰለት ይዞ የመጣን ሰው ጨርቅና ባልዲ አስይዘው ወደ ውጭ ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ።