ከካርታው በፊት ተበዳሪው ይጣራ፦ በጎንደር አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የሚሰጠው የብድር ታሪክ ማጣራት

በጎንደር ከተማ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው፣ የሚገዛው ቤት ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘብ አያወጣም። የካርታውን ቅጂ ይዞ ማዘጋጃ ቤት ይመላለሳል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን ያጣራል። ገዢው ገንዘቡን ከባንክ የሚበደር ከሆነ ግን፣ ባንኩ ከቤቱ አስቀድሞ የሚያጣራው ተበዳሪውን ራሱን መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እዚህ የምገመግመው የቤት ብድር ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት፣ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ያገኘሁትን የብድር ታሪክ ማጣራት አገልግሎት ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ የሚገኘው መረጃ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ አሰጣጡ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

የአገልግሎቱ ምንጭ ቅርንጫፉ ሳይሆን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ማዕከል ነው። በብሔራዊ ባንኩ መመሪያ ቁጥር ሲአርቢ/01/2012 እና እሱን ተከትለው በወጡ ድንጋጌዎች መሠረት፣ ባንኮች ማን ምን ያህል እንደተበደረና እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ወደ ማዕከሉ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም የአመልካቹን መረጃ ከዚያው ይጠይቃሉ። ተበዳሪው የሚለየው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ በተለምዶ ቲን በምንለው ስለሆነ፣ የዕዳ መዝገቡ የትም ቢሄድ ይከተለዋል። መተማ ላይ ለሰሊጥ ንግድ የተበደረ ሰው ጎንደር ላይ ለቤት ሲያመለክት፣ ያ ብድር ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል።

ቅርንጫፉ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የተለየ መስኮትም ሆነ የሚያመለክት ማስታወቂያ የለም። ጥበቃውን ጠይቄ ከገንዘብ ከፋዮቹ ጀርባ ወደሚገኘው የብድር ክፍል ስገባ፣ ያነጋገረችኝ ወጣት ባለሙያ በመጀመሪያ ትንሽ ግራ ተጋባች። «ጋሼ፣ ማመልከቻ ሳያስገቡ ማጣራት ብዙም የተለመደ አይደለም። ቲኑንና ፋይዳውን ይስጡኝና የፈቃድ ፎርሙን ይፈርሙልኝ፤ ዲስትሪክቱን እጠይቅልዎታለሁ» አለችኝ። ፎርሙ አንድ ገጽ ሲሆን፣ ባንኩ የብድር መረጃዬን ከማዕከሉ እንዲጠይቅ መፍቀዴን የሚገልጽ ነው። በዚያው ዕለት ሲስተም አልነበረም፤ በጎንደር ባንክ ቤት ሲስተም የሌለበትን ቀን ያላየ ሰው ስለሌለ በዚህ ቅርንጫፉን ለይቼ አልወቅስም። ሳምንቱ ሳያልቅ ተደውሎልኝ ሄድኩ።

ባለሙያዋ ስክሪኑን ወደ እኔ ገልበጥ አድርጋ በእርሳስ ጫፍ መስመር በመስመር አሳየችኝ። እያንዳንዱ መስመር የተበደርኩበትን ጊዜ፣ የብድሩን መጠን፣ ቀሪውን ዕዳና የአከፋፈሉን ሁኔታ ይዟል። በሌሎች አገሮች ሲነገር የምንሰማው፣ ሰውን በአንድ ቁጥር የሚመዝን ነጥብ እኔ ባየሁት መዝገብ ላይ የለም፤ ታሪኩ እንዳለ ተዘርዝሮ ይቀርባል፣ ፍርዱ ግን የባንኩ ነው። እኔ ይህን አሠራር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ተበዳሪው የትኛው መስመር እንደጎዳው ዓይኑ እያየ መጠየቅ ይችላል።

የእኔን ጉዳይ የያዘው ሦስተኛው መስመር ነበር። ከዓመታት በፊት በደመወዝ ተቆራጭ ተበድሬ የጨረስኩት፣ የመጨረሻውን ክፍያ ያረጋገጥኩበትም ብድር ጥቂት ብር ቀሪ ዕዳ እንዳለበት ይታያል። ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ የመጨረሻው ተቆራጭ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ አበዳሪው ዘንድ እስኪገባ ባሉት ቀናት የታሰበ ወለድ ሒሳቡ ሳይዘጋ እንዲቀር አድርጎታል፤ አበዳሪው ተቋምም ይህንን አላሳወቀኝም። ገንዘቡ ለሁለት ሰው ምሳ እንኳ አይበቃም። ነገር ግን በብሔራዊ ባንክ የብድር አመዳደብ ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ብድር ይቆጠራል፤ የአመዳደቡ ደረጃዎች አምስት ሲሆኑ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው በባንክ ሰዎች ቋንቋ «ተበላሽቷል» የሚባለው ነው። በስሙ የተበላሸ ብድር ተመዝግቦ የሚገኝ አመልካች ደግሞ የደመወዙን ማስረጃ ቢደረድር፣ ካርታው ቢጸዳ፣ ፋይሉ ከብድር ኮሚቴው ጠረጴዛ አያልፍም።

ባለሙያዋ በዚህ ጊዜ የነገረችኝ ነገር የአገልግሎቱ ዋና ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ። መዝገቡን ያየው ባንክ ስሕተቱን ማረም አይችልም፤ ማረም የሚችለው መረጃውን የላከው አበዳሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ቀድሞው አበዳሪ ሄጄ ቀሪውን ከፈልኩ፤ ሒሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ክሊራንስ ወሰድኩ፤ ማስተካከያው ወደ ማዕከሉ እንዲላክም በጽሑፍ ጠየቅኩ። ክሊራንሱ ለዋናው ማመልከቻ ተያያዥ ሰነድ ሆኗል። ይህ ሁሉ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሻጩ እየጠበቀ፣ ዋጋውም እየናረ የሚከናወን ሥራ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቀብድ አለመናገር አይቻልም። በከተማችን ቤት የወደደ ገዢ ደላላው እያጣደፈው ቀብድ ሰጥቶ ነው ወደ ባንክ የሚሮጠው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲተው የሰጠውን ያጣል፣ የተቀበለውም ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ባንኩ ብድሩን ስለከለከለኝ ነው ማለት ሻጩን ላያሳምነው ይችላል፤ በውሉ ላይ «ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል ካልገባ በቀር ገዢው የሚከራከርበት መሬት ጠባብ ነው። ከቀብዱ ሌላ የቤት ግምት ክፍያ አለ፤ መሐንዲሱ መጥቶ ቤቱን ለክቶ ከሄደ በኋላ ማመልከቻው ቢወድቅ ያ ገንዘብ አይመለስም። እነዚህ ወጪዎች ሁሉ የሚጀምሩት የብድር ታሪክ ከተጣራ በኋላ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የስም ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላው ነገር ነው። የአንድ ሰው ስም በቲን ምዝገባው አንድ ዓይነት፣ በባንክ ደብተሩ ሌላ ዓይነት፣ በፋይዳ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ በላቲን ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የእኔ የአያት ስም በሁለት ቦታ በተለያየ መንገድ ተጽፎ ስለነበር ባለሙያዋ ከማመልከቻው በፊት እንዳስተካክለው መከረችኝ። ምክሩን የሰማ ሰው ከኮሚቴ ጥያቄ ይድናል።

መዝገቡ ላይ ካለው ይልቅ፣ ቅርንጫፉ በቃል የሚጠይቀው ነገር ሰፊ መሆኑን ማወቅም ጥሩ ነው። ባለሙያዋ ለማንም ዋስ ሆኜ ፈርሜ እንደሆነ፣ በስልክ የሚወሰዱ እንደ ቴሌብር መላ ያሉ ብድሮች እንዳሉብኝና የተመለሰ ቼክ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የስልክ ብድር መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ገንዘቡ ግን የባንክ ገንዘብ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ ከባንክ ቅጣት አልፎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በአካባቢያችን በቡድን ዋስትና ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ተበድሮ የነበረ ሰውም ብዙ ነው፤ ተቋሙ ፀደይ ባንክ ሆኖ ከተሸጋገረ ወዲህ ያን ብድር የቀበሌ የድሮ ጉዳይ ነው ብሎ መተው አያዋጣምና፣ መዘጋቱን ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። የወላጆቹን ቤት ወርሶ እሱን በመያዣነት ሊያቀርብ የሚያስብም፣ ቤቱ በአንድ ወቅት ለኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በመያዣነት ተይዞ ከነበረ፣ ያ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ስለተዋሐደ ክሊራንሱን የሚጠይቀው ከዚያ ነው። ዕቁብ፣ የቤት ኪራይና የሱቅ ዱቤ ግን እኔ ባየሁት መዝገብ ላይ አልነበሩም፤ ዕቁብ ለዓመታት ሳያጓድል የጣለ ሰው ታማኝነቱ በዚያ አለመታየቱ የሚያስቆጭ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የመጀመሪያው፣ ወረቀት አለመሰጠቱ ነው። ያየሁትን በማስታወሻዬ ላይ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ስጠይቅ «ለውስጥ አሠራር ነው» ተባልኩ። የራሴን ስም የያዘ መዝገብ ለእኔ ምሥጢር ሊሆን የሚችልበት ምክንያት አልተገለጠልኝም። ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ቦታው ነው። የብድር ክፍሉ ጠረጴዛዎች እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት የዕዳዬን መጠን ሰምተው «እግዜር ያቅልልህ» አሉኝ፤ ቅንነታቸው ገብቶኛል፣ ነገር ግን ጎንደር ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ከተማ እንደመሆኑ መጠን ዕዳ ከአራዳ ተነሥቶ አዘዞ ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም። ሦስተኛውና ዋናው፣ አገልግሎቱ በባለሙያዋ ቅንነት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የደረሰብኝ መልካም መስተንግዶ የእሷ እንጂ የአሠራሩ ውጤት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ማራኪ አካባቢ የሚሠራ አንድ ባልደረባዬ በሌላ ባንክ ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቦ «መጀመሪያ ያመልክቱ» ተብሎ ተመልሷል።

የተጣራ ታሪክ ብድር ያስገኛል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ላይ የ14 በመቶ ጣሪያ ጥሎ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። በእንዲህ ያለ ገደብ ውስጥ መዝገቡ ንጹሕ የሆነ አመልካችም «ለጊዜው ገንዘብ የለም» ሊባል ይችላል። ደመወዝተኛ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያው ከገቢው ጋር ይመዘንበታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ ነባር ተቆራጭ ያለበት ሠራተኛ ቀሪ አቅሙን ከወዲሁ ማስላት አለበት። ይህን ስሌት ቅርንጫፉ ሳልጠይቅ ሠርቶልኛል፤ ይመሰገናል። ባንኮች የመያዣ ቤትን ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ እንዲሸጡ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የተፈቀደላቸው በመሆኑ፣ አቅምን አሳንሶ መገመት አበድሮ ከመጸጸት ይሻላል የሚለው አቋማቸው አያስከፋኝም።

በጥቅሉ አገልግሎቱን የምመክረው፣ ቤት መርጦ ዋጋ ላልተነጋገረና ቢያንስ የሁለት ወር ጊዜ ላለው ሰው ነው፤ ቀብድ ከፍሎ ለመጣ ሰው የሚያተርፈው ጭንቀት ብቻ ነው። ወደ ቅርንጫፉ የሚሄድ ሰው ደመወዝ ከሚከፈልበት የወር መጨረሻ ውጭ ባሉ ቀናት፣ ጠዋት ቢሄድ የብድር ክፍሉን ረገብ ብሎ ያገኘዋል። ባለትዳሮች ደግሞ አብረው ቢሄዱ ይሻላል፤ ባንኩ በብድር ውሉ ላይ የሁለቱንም ፊርማ ስለሚጠይቅ ሁለቱንም ያጣራል፣ የባለቤቴ ቲንና ፋይዳ አለመያዜም ያለ ምክንያት ሌላ ቀጠሮ አስይዞኛል።