ጄን ኦስተን ወይስ ሻርሎት ብሮንቴ?

ደብረ ማርቆስ ያለችው ታናሽ እህቴ «ከሁለቱ የቷን ልጀምር?» አለችኝ።

ሁለቱም የእንግሊዝ ልብ ወለድ ደራሲዎች፣ ሁለቱም የቄስ ልጆች ናቸው። ሁለቱም መጀመሪያ ሲያሳትሙ ስማቸውን ደብቀዋል። ጄን «በአንዲት እመቤት» ብላ፣ ሻርሎት ደግሞ ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም።

አጻጻፋቸው ግን ለየቅል ነው። ጎጃም ላደገ ሰው ጄንን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቅኔ ናት። ሰሙ የመንደር ወሬ ነው፦ ግብዣ፣ ጭፈራ፣ ማን ማንን ያገባል። ወርቁ የገንዘብና የርስት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 በታተመው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» ውስጥ አባትየው ሲሞት ርስቱ የሚያልፈው ለአምስት ሴት ልጆቹ ሳይሆን ለወንድ ዘመድ ነው። ጄን በዚህ አትጮህም። እናትየዋ ስትለፈልፍ ታሰማናለች፤ የተጨነቀች እናት መሆኗን የምንረዳው ቆይተን ነው። ቻውተን በተባለ የእንግሊዝ መንደር በሚገኘው ቤቷ የምትጽፍበት ባለ 12 ማዕዘን ጠረጴዛ ዛሬም አለ። በጣም ትንሽ ናት።

ሻርሎት ሰም አያስፈልጋትም። እ.ኤ.አ. በ1847 በወጣው «ጄን ኤር» ወላጅ አልባዋ ልጅ ታሪኳን ራሷ ትናገራለች። ቀዩ ክፍል ውስጥ ሲቆለፍባት አንባቢውም አብሯት ይቆለፋል። ሻርሎት የጄን ኦስተን ድርሰት ስሜት ያንሰዋል ብላ ጽፋለች። እኔ በዚህ አልስማማም።

እህቴን ግን በሻርሎት ጀምሪ አልኳት። ታሪኩ እጇን ይዞ ይጎትታታል። ጄን ኦስተንን ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ቤት ሲያውላት፣ ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ ታንብባት።