ቀበና ወንዝ ዳር ያለው ችግኝ መሸጫ፣ እውነተኛ የሐበሻ ጥድ ለምትፈልጉ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ወንዙ ዳር ነው፣ ታፔላ የለውም፣ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚታየው። ባለፈው ሐምሌ ነው የሄድኩት።

ከዛ በፊት ሌላ ቦታ የሐበሻ ጥድ ነው ብለው የሸጡኝን ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ሳጠጣው ከርሜ የፈረንጅ ጥድ ሆኖ አረፈው፣ በጣም ነው የተናደድኩት። እዚህ ያሉት ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ከሁለቱም ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝና "ፍሬውን እየው ልጄ፣ የፈረንጁ እንደ እንጨት ደረቅ ነው፣ የኛው ለስላሳ ነው፣ ወፍ ይበላዋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እነዛ አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች፣ ወንዶቹ ግንባራቸው ቀይ የሆነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዱር የትም አይገኙም፣ የጥድ ፍሬ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ግቢ ጠዋት ጠዋት በጩኸት የሚቀሰቅሱን እነሱ ነበሩ፣ ጥዱ የተቆረጠ ዓመት ቀሩ። እኔም ችግኝ ፍለጋ የምዞረው ለሱ ስል ነው።

"አንድ ብቻ እንዳትወስድ" ሲሉኝ ለመሸጥ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጥድ ወንድና ሴት አለው፣ የምታፈራው ሴቷ ናት፣ ችግኝ እያለ ደግሞ አይለይም። ሦስት ወሰድኩ፣ ግቢዬ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱን ጎረቤቶቼ ጋ ተከልናቸው። ለእናቴም የጋን ማጠኛ ይሆናታል ብዬ አንድ ወይራ ጨመርኩ፣ ቶሎ እንደማይደርስ ነግረውኛል ግን ይሁን።

ቶሎ ያድጋል ብዬ ባህር ዛፍ ብጠይቃቸው እሱን አልሸጥም አሉ። በምኒልክ ጊዜ መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፣ ውለታው አይካድም፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግን ውሃውን ይመጥና ሥሩ ሌላ ነገር አያስበቅልም ብለው አስረዱኝ። ገበያ እያለ እንዲህ የሚል ነጋዴ ስንት ይገኛል?

ጉድለት ካላችሁኝ ችግኞቹ ላይ ስማቸው አልተጻፈም፣ ጋሼ ከሌሉ የሚሸጠው ልጅ ጥዶቹን አይለያቸውም፣ ስለዚህ እሳቸው የሚኖሩት ጠዋት ነውና ያኔ ሂዱ። ጥዱ 100፣ ወይራው 150 ብር ነው፣ ቴሌብር ይቀበላሉ። አራቱም ጸድቀውልኛል፣ በጋውን በሳምንት ሁለቴ ነው ያጠጣኋቸው።