የቆመ ተሳቢ ቤት እንዳይወዛወዝ፦ ገዝቼ የሞከርኳቸው መደገፊያዎች

ባለቤቴ ነርስ ናት። ትራቭል ነርስ ከሚሏቸው። የ13 ሳምንት ኮንትራት ትፈርማለች፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ እንሄዳለን። ቤታችንም አብሮን ይሄዳል። 34 ጫማ ርዝመት ያለው ፊፍዝ ዊል ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ተራው ተሳቢ ቤት ከመኪናው ኋላ ባለ ኳስ ላይ ይታሰራል። ፊፍዝ ዊል ግን አፍንጫው ፒክአፑ ጀርባ ላይ ይወጣል። እዚያ በተገጠመው መያዣ ላይ በኪንግ ፒን፣ ማለት ከአፍንጫው ሥር በወጣው ወፍራም ብረት፣ ይቆለፋል። ከባድ መኪና የነዳ ሐበሻ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ያው ነው፣ አነስ ብሎ። መኝታ ክፍሉ ያለው ታዲያ እዚያ አፍንጫው ላይ ነው። ፒክአፑ ከወጣ በኋላ ከአልጋችን ሥር ምንም የለም፤ አየር ነው።

ባለፈው ኅዳር አማሪሎ፣ ቴክሳስ ገባን። አማሪሎ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዝርግ ነው። ነፋሱን የሚመልስ ተራራ የለም፣ ዛፍም እምብዛም ነው። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ደረሳት። 12 ሰዓት ሠርታ ጠዋት ትገባና ትተኛለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ልጃችን ቤት ይውላል። ሰባት ዓመቱ ነው። አትሩጥ ሲባል በጣቱ እየረገጠ ይሮጣል። እሱ ኩሽና ውስጥ ወዲህ ወዲያ ሲል፣ የእናቱ አልጋ ይወዛወዛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «ሰውነቴ ሊያርፍ አልቻለም» አለችኝ። «ጀልባ ላይ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ። እባክህ አንድ ነገር አድርግ።»

ማታ ተመልሳ የሰው ሕይወት የምትይዝ ሰው ናት። ይሄን ነገር ሳልጨርስ ሌላ ሥራ እንደማልነካ ለራሴ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ከኪንግ ፒኑ ሥር የሚቆመውን ባለ ሦስት እግር መደገፊያ ነው። ፊፍዝ ዊል ይወዛወዛል ስትሉ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚነግራችሁ። እኔንም ሁለት ጎረቤቶች መከሩኝ። 80 ዶላር ገደማ አወጣሁ። ከአፍንጫው ሥር አቁሜ፣ ብሎኑን እያዞርኩ እስኪጠብቅ ወደ ላይ ገፋሁት። አምኜ ገባሁ። ልጁን «እስቲ ሩጥ» አልኩት። አልጋው ተወዛወዘ። ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

ያኔ ነው ተቀምጬ ማሰብ የነበረብኝን ያሰብኩት። ቤቱ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ወዴት ነው የሚንቀሳቀሰው?

አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞላሁና አልጋው አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ተንበርክኬ ዓይኔን ከውሃው ጋር እኩል አደረግኩ። ልጁ ከሶፋው እስከ ማቀዝቀዣው ተራመደ። ውሃው መሐሉ ላይ አልነጠረም። ወደ ግራ ጠርዝ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ወደ ቀኝ ወጣ። ልጁ ከቆመም በኋላ አራት አምስት ጊዜ ተመላለሰ። የኛ ቤት ችግር ከላይ ወደ ታች መንገጫገጭ አልነበረም። ወደ ጎን መወዛወዝ ነበር። የገዛሁት ዕቃ ደግሞ ክብደት ከታች ይሸከማል እንጂ ወደ ጎን የሚይዘው ነገር የለውም።

ከዚያ ውጭ ወጣሁ። ልጁን ቤቱን በጎኑ እንዲገፋ ነገርኩት። በሁለት መዳፉ፣ በቀስታ፣ እንደ ዥዋዥዌ እየጠበቀ። እኔ ከአፍንጫው ሥር ገብቼ፣ ፒክአፑ ሲወጣ የቤቱን ፊት የሚሸከሙትን የፊት እግሮች አየሁ። የነዚህ እግሮች አሠራር ቱቦላሬ በቱቦላሬ ውስጥ ነው። የውስጠኛው ወደ ታች ይወርዳል። ልጁ በገፋ ቁጥር የውስጠኛው ከውጪኛው ጋር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መሐላቸው ትንሽ ክፍተት አለ፤ ጥፍር የማያስገባ። ግን እግሩ ረጅም ሆኖ ሲወርድ ያቺ ትንሽ ክፍተት ወደ ላይ፣ ቤቱ ጋ ስትደርስ ብዙ ትሆናለች። ፊፍዝ ዊል ደግሞ አፍንጫው ከፍ ያለ ስለሆነ የፊት እግሩ ብዙ ነው የሚወርደው። የመወዛወዙ ምንጭ እዚህ ነው። ከጎማውና ከባሌስትራው የሚመጣውም አለ፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛው መፍትሔ ብዙ ገንዘብ አላስወጣኝም። እንጨት ነው። ስድስት በስድስት የሚባለውን ወፍራም ግንድ እንጨት መሸጫ ውስጥ በአጭር በአጭሩ አስቆረጥኩ። ከእያንዳንዱ የፊት እግር ሥር ሁለት ንብርብር፣ የላዩን ከታችኛው ጋር አስተላልፌ ደረደርኩ። እግሩ የሚወርደው ከበፊቱ 11 ኢንች ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ለውጡ ያን ቀን ማታውኑ ታወቀ። ከገዛሁት ሁሉ በዋጋው የተሻለ ነገር ይሄ ነው፤ ከዚህ ሳትጀምሩ ሌላ አትግዙ። እንጨቱ ሰፊ ይሁን፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን፣ እግሩም መሐሉ ላይ ይረፍ።

በወጣትነቴ ጂቡቲ መስመር ላይ የመኪናና ተሳቢ ረዳት ነበርኩ። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ከሁሉ በፊት ታኮ፣ ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚገባውን፣ ይዞ ይወርዳል። ሻይ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፤ መጀመሪያ ታኮ። ሾፌሩ ይሄን በቁጣ ነው ያስተማረኝ፤ አመሰግነዋለሁ። እዚህ የማየው ሰው ግን መደገፊያ በመቶዎች ዶላር ገዝቶ ታኮውን ይረሳል። ቤቱ በጎማው ከተንከባለለ የትኛውም መደገፊያ አያድነውም።

አቀማመጡም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከፒክአፑ ሳይፈታ ግራና ቀኙን ታስተካክላላችሁ፤ ዝቅ ባለው ወገን ጎማ ሥር ጣውላ በማስገባት። ከዚያ ታኮ። ከዚያ ትፈቱና የፊትና ኋላውን በፊት እግሮቹ ታስተካክላላችሁ። የኋላ እግሮቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ውሃ ልክ ከሌላችሁ ምጣድ አለላችሁ። እኛ እንጀራ የምንጋግረው እዚሁ ነው፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ። ቤቱ ትንሽ እንኳ ካጋደለ ሊጡ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይሄዳል። እንጀራው ባንድ በኩል ይወፍራል፣ በሌላው ሳስቶ ይደርቃል። አማሪሎ የመጀመሪያው ሳምንት እንጀራችን እንደዚያ ነበር።

የኋላ እግሮቹ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። በኤሌክትሪክ የሚወርዱ ናቸው። ይበልጥ ከጠበቁ ይበልጥ ይይዛሉ ብዬ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት። የኋላው ብድግ ሲል አየሁና ደስ አለኝ። ስገባ የመታጠቢያ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ከላይ ጥጉ ተያዘ። ሻንሲው፣ ቤቱ የተቀመጠበት ብረት፣ ተወጥሮ ነበር። ወዲያው ዝቅ ሳደርገው በሩ ተመለሰ፤ ልቤ ግን ቶሎ አልተመለሰም። የኋላ እግር ክሪክ አይደለም። ቤት ለማንሳት አልተሠራም። መሬት ነክቶ ጠበቅ ሲል ይበቃዋል። በር ወይም መስኮት ሲያዝ ካያችሁ፣ ከልክ በላይ ገፍታችኋል።

አሁን ወደ ጎማው ልመለስ። ቤቱ ሁለት አክስል አለው፤ በየጎኑ ሁለት ጎማ ተከታትሎ ይቆማል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል የሚገባ፣ ብሎኑ ሲዞር እየሰፋ ሁለቱንም ወደ ውጭ የሚገፋ መቆለፊያ አለ። ኤክስ ቾክ ይሉታል። ቤቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርጋትን ትንሽ እንቅስቃሴ ይይዛል። በር ከፍታችሁ ደረጃው ላይ ስትረግጡ የምትሰማዋን ማለቴ ነው። ሁለቱንም ጎን ገጠምኩ። ያቺ እንቅስቃሴ በግልጽ ቀነሰች። ገዝቼው የማልጸጸትበት ዕቃ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በጎማዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ለኩ፤ ሁሉም ቤት ላይ አይገባም። የጎማ አየር ደግሞ ሲበርድ ይኮማተራል። አማሪሎ ሌሊቱ በረዶ ሆኖ ቀኑ የሚሞቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በኪያቤ ሩብ ዙር ያህል አጠብቀዋለሁ። ታኮን የሚተካም አይደለም፤ ታኮውም ይኖራል።

ወደ ጎን መወዛወዙን የጨረሰው ግን አራተኛው ነው። ጄቲስ ስትሮንግ አርም ይባላል፤ የሚሸጠው ሊፐርት የሚባል ኩባንያ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ቱቦዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ጫፍ ከእግሩ ታችኛው ክፍል ጋር ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ላይ በሰያፍ ሄዶ ሻንሲው ላይ። እግሩ ሲወርድ ቱቦው አብሮ ይረዝማል። ስትጨርሱ መቆለፊያ እጀታውን ታጠብቃላችሁ፤ ቱቦው በርዝመቱ ይደርቃል። የቤት ጣራ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ምሰሶ ብቻውን ከጎን ስትገፋው ይሄዳል። አንድ ሰያፍ እንጨት ከመታህበት ግን ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን አይጣመምም። የፊት እግሮቼ የጎደላቸው ይኼው ሰያፍ ነበር። ባለ ሦስት እግሩ መደገፊያ የማይሰጠውም ይሄንን ነው።

ከሁሉም ውዱ ይሄ ነው፤ መቶዎችን ያስወጣል። መግጠሙም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ ትራፓኖ ይዤ ጠጠር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የሻንሲውን የላይኛውን ወይም የታችኛውን ከንፈር አትብሱ። የሻንሲ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው፤ ከባድ መኪና ላይም ሕጉ ይኸው ነው። ጎኑ ላይ አድርጉት። ዋስትናው ያላለቀ ቤት ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ፋብሪካውን ጠይቁ። እጄ አይፈታም የሚል ሰው ባለሙያ ቢያስገጥም ይሻለዋል።

ማታ ብርጭቆዋን መልሼ አስቀመጥኩ። ልጁ ሮጠ። የውሃው ፊት ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ረጋ። መመላለስ የለም። ልጁም ተንበርክኮ አብሮኝ ያይ ነበርና «አባዬ፣ ተኛ!» አለኝ። ውሃውን ማለቱ ነው።

ባለቤቴ በማግስቱ ጠዋት ገብታ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ተነስታ ምንም አላለችም። ፊቷን ሳይ አወቅኩት።

ነፋሱ ሲበረታ ዛሬም ይሰማናል፤ አልዋሽም። ይሄ ቤት ጎማ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ግድግዳውም እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ግን ሰው ሲራመድ እና ነፋስ ሲመጣ አንድ አይደለም። የሰው እግር እንቅልፍ አይቀሰቅስም አሁን።

ወጪያችሁን ለማመዛዘን ያህል፦ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትወጡ ከሆነ እንጨቱና ኤክስ ቾኩ ይበቃችኋል። ሰያፍ ቱቦዎቹ ወራት ለሚቆም ሰው ናቸው፣ እንደኛ ቀን ለሚተኛ ሰው ደግሞ የግድ። ባለ ሦስት እግሩን አልጣልኩትም። አልጋው ላይ ስትቀመጡ ዝቅ ብድግ የሚል ከሆነ ይጠቅማል፤ ግን በብርጭቆ ውሃ ሳታዩ አትግዙት። ሃይድሮሊክ ባለ ስድስት እግር ቤት ያላቸው ሰዎች ችግራቸው ሌላ ነው፤ እነሱ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

ለመሄድ ስትነሱ ሁሉንም መፍታት አትርሱ። የሰያፉ እጀታ ሳይላላ እግሩን በኤሌክትሪክ ብታነሱት ቱቦው ይጣመማል። ጎማ መሐል ያለው መቆለፊያ ሳይወጣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ ጎማ ይጎዳል። ባለ ሦስት እግሩ ሳይነሳ ፒክአፑን ወደኋላ ካስገባችሁ ትገጩታላችሁ። እኔ ዕቃዎቹን ስገጥም በዚያው ደቂቃ የፒክአፑ መሪ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ጨርቁን የሚፈታው ልጄ ነው። እየዞረ አንድ በአንድ ነክቶ «ወጥቷል፣ ወጥቷል» ይልና መጨረሻ ላይ ይፈታዋል።

ኮንትራቱ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። ቀጣዩ ቦታችን አሪዞና ነው፤ ፓርኩ አሸዋማ ነው ብለውናል። ከእግሮቹ ሥር የሚነጠፍ ሰፋ ያለ ጣውላ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ።