ድሬዎች፣ የሳይክል ባትሪ ሳትመዝኑ እንዳትገዙ

ለኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪ የምትፈልጉ፣ እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት።

የድሮው ባትሪዬ 4 የአሲድ ባትሪ የተያያዘበት ነው። ልጅ አፈናጥጦ የመሄድ ያህል ይከብዳል። ሻጩ ታዲያ "ሊቲየም ነው፣ 48 ቮልት፣ 30 አምፔር-ሰዓት፤ አንሳው እስቲ!" አለኝ። በአንድ እጄ ብድግ አደረግኩት። ዋጋው ደግሞ ሌላ ቦታ ከጠየቅኩት ግማሽ። እዚህ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ እቴ፣ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞልቼ ወጣሁ። ከቀዚራ ስመለስ ሳቢያን ሳልደርስ ቀጥ አለ። ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ።

ማታ በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ 26 ሴል ብቻ! የቀረው ስፖንጅ ነው። ሴሎቹ 18650 የሚባሉት፣ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚገኙት ናቸው። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የተላጠ። አንዳንዱ ላይ "9900" የሚል ተለጥፏል፤ የሚይዘው በሚሊ አምፔር-ሰዓት መሆኑ ነው። በዚህ መጠን ምርጥ የሚባለው እንኳ 3500 አካባቢ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 48 ቮልት እንዲሆን 13 ሴል ተከታትሎ ይያያዛል። 30 አምፔር-ሰዓት ለማግኘት እንዲህ ያለ 9 ረድፍ ይፈልጋል፣ ያውም በምርጡ ሴል። 117 ሴል መሆኑ ነው። አንዱ ከ45 ግራም በላይ ስለሆነ ሴሎቹ ብቻ 5 ኪሎ ያልፋሉ። የኔን ባትሪ ቀፊራ ገበያ ወስጄ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከነቆርቆሮው 2 ኪሎ ከ300! "ኪሎውን ስንት ትለዋለህ አቦ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ሊቲየም ከአሲድ እንደሚቀል እውነት ነው። ይህን ያህል ግን አይቀልም። የሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ሚዛኑን አይቶ ፊቱ ከተለዋወጠ ውልቅ በሉ።

ቻርጀሩንም ልብ በሉ። ሰውዬው "ሁለቱም 48 ነው፣ በድሮው ሙላው" ብሎኝ ነበር። ባለ 13ቱ ሊቲየም 54.6 ቮልት ላይ ሙሉ ነው፤ የአሲዱ ቻርጀር እስከ 58 ይገፋዋል። ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ካርድ ካልቆረጠው እሳት ሊነሳ ይችላል።

ባትሪውን መልሼ ስወስድለት "ከፍተኸዋል፣ ዋስትና የለውም" አለኝ። አሁን አሲዶቹን መልሼ ገጥሜ፣ ልጅ እንዳፈናጠጠ ሰው እያዘገምኩ ነው።